የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ታሪክ በአገራችን፤ ለአርዲቦ ሐይቅም የሚሰጠው ትምህርት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሄደ መንገደኛ፤ በተራራዎች መካከል ተከብቦ የተቀመጠውን አርዲቦ ሐይቅን ያገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ትልቁ ሐይቅ ዝቅ ብሎ ሲተኛ፤ አርዲቦ ግን ከፍ ብሎ ይገኛል። ከአርዲቦ የሚወጣውም ውሃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ታላቅ ወንድሙ ይወርዳል። በመንገዱም ላይ ገበሬው እየጠለፈ አትክልቱንና እህሉን ያጠጣበታል። ስለዚህ አርዲቦ ለዓይን የሚያምር ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ተዳፋቶች ብዙ ዘመን የታረሱና ዛፋቸው የተመነጠረ ስለ ሆነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። ከማሳ ወጥቶ ሐይቅ የገባ አፈር ደግሞ ተመልሶ ማሳ አይሆንም።

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ፤ ተማሪዎች በዚሁ በአርዲቦ ዙሪያ አንድ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሠርተው መታሰቢያ ይተዉ የሚል ሐሳብ በመካከላችን ተነሥቷል። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ አልተስማማንም። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ችግኝ ተክለን፤ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለስ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሥራው ትንሽም ቢሆን ዓመታት የሚቆይ ይሁን ይላሉ። እኔም የታሪክ ትምህርት ወዳጅ እንደ መሆኔ መጠን፤ ከመወሰናችን በፊት በእኛ አገር ሕዝብን በጉልበቱና በጊዜው ያገለገሉ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት አድርገው እንዳቀዱ፤ የየትኛው ሥራ እንደ ጸና፤ የየትኛውም እንደ ፈረሰ ብንመረምር ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ስሙ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ግብሩ ግን የአባቶቻችን ነው። ከሁሉ በፊት ደቦ አለ። አንድ ገበሬ አጨዳው ወይም ጉልጓሎው ሲበዛበት ቀን ቆርጦ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ባለ ቤቲቱም ጠላ ትጠምቃለች፤ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ቀሪቦና ቡና ይዘጋጃል፤ እንጀራው ይጋገራል። ጎረቤቱም ማጭዱን ይዞ በማለዳ ይመጣል፤ እየዘፈነ ሠርቶ ማታ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ወንፈል ግን ከዚህ ይለያል። በወንፈል ሥራው በቀን ይቆጠራል፤ ዛሬ አንተ በሬህን ይዘህ ለእኔ አንድ ቀን ካረስህ፤ ነገ እኔ ላንተ አንድ ቀን አርሳለሁ። ሂሳቡ በወረቀት ባይጻፍም ማንም አይረሳውም።

እንግዲህ ይህን ስንመለከት አባቶቻችን ያለ ዕቅድ ይሠሩ ነበር ማለት አንችልም። ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ የሚመጣው ሰው ቁጥር የታወቀ ነው፤ ምሳው የተሰናዳ ነው፤ ሥራው የሚያልቅበት ማሳ ይታያል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ደቦ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ደቦ የሚጠራ ሰው የሚያበላው ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ደቦ ለባለ ጸጋው ይቀል ነበር፤ እህል የሌላት መበለት ግን ለመጥራት ትፈራለች። ጎረቤቶች ተነጋግረው ስንቃቸውን ራሳቸው ይዘው የደረሱላት እንደ ሆነ ግን፤ ያ ሥራ በእውነት የፈቃድ አገልግሎት ይባላል።

በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ማኅበር የወሎ ሕዝብ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሪ ይሰማል፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር አብሮ በሚኖርበት በእኛ አገር፤ አንዱ የሌላውን ሐዘን ተሸክሞ የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። ቅሬ ከብዙ መንግሥታት ይልቅ ዕድሜው የረዘመበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፤ መልሱ ቀላል ነው። ደንቡን ያወጡት አባሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጥቅሙም የሚመለሰው ወደ ራሳቸው ነው።

ከዚህም ጋር ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሐይቅ እስጢፋኖስ የነበረውን ትምህርት ማንሣት ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ገዳም ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ሲያስተምሩ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በአገራችን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ሲለምን ቁራሽ የሰጠው ገበሬ፤ ራሱ ፊደል ሳያውቅ የአገሩን ትምህርት በእንጀራው ያቆመ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ውጭው ዓለም ጥቂት እንመልከት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 እ.ኤ.አ. ፒየር ሴሬሶል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ፤ በፈረንሳይ አገር በቬርደን አጠገብ ኤስን የምትባለውን በመድፍ የፈረሰች መንደር ለማቅናት ከልዩ ልዩ አገር ፈቃደኞችን ይዞ ሄደ። ከነዚህም መካከል ትናንት የፈረንሳይ ጠላት የነበሩ ጀርመኖች ይገኙ ነበር። ዓላማው ባላጋራ የነበሩት ሕዝቦች በአካፋና በዶማ እንዲታረቁ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ በጎ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ለጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ፤ በአገሬው ዘንድ በጀርመኖቹ ላይ ተቃውሞ ስለ ተነሣ ሥራው ሳይፈጸም ተቋረጠ። ልጁን በጦርነት ያጣ ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ እርቅን በግድ መቀበል አይቻለውም። ሴሬሶል ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1924 እ.ኤ.አ. በገዛ አገሩ የበረዶ ናዳ ያጠፋውን መንደር ከፈቃደኞች ጋር ጠረገ፤ ያቋቋመውም ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። ከዚህ የምንማረው፤ የረጂው ልብ ንጹሕ መሆን ብቻውን እንደማይበቃና የሚረዳው ሰው ፈቃድም እንደሚያስፈልግ ነው።

በአገራችን የተማረው ወጣት በሥርዓት ተመድቦ ሕዝብን እንዲያገለግል ከተደረጉት ሥራዎች መካከል ታላቁ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ ያገለግል ነበር፤ የሚበዙትም በመምህርነት ይመደቡ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1962 እ.ኤ.አ. ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ ነበር፤ የባዕድ አገር ወጣት ለእኛ ሕዝብ ሁለት ዓመት ከሰጠ የአገሩ ልጅ አንድ ዓመት እንዴት አይሰጥም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር።

እርግጥ ነው፤ ይህ አገልግሎት ለዲግሪ ግዴታ ስለ ነበር ፍጹም ፈቃድ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ዕቅዱ ሦስት መልካም ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፤ ተማሪው የሚሄደው መምህር ወደሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ስለ ነበር ሥራው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፤ ጊዜው አንድ ሙሉ ዓመት ስለ ሆነ ተማሪው የአገሩን ሰው ለማወቅ፤ የአገሩም ሰው እርሱን ለማወቅ ይችላል። ሦስተኛ፤ ከከተማ ያልወጣው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ ስላየ እርሱም ተምሮ ተመለሰ።

ብዙ ዓመት ሳይቆይ በ1965 ዓ.ም. በወሎ ላይ ታላቅ ረኃብ ወደቀ። የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ነገሩን ሸሽገውት ሳለ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡን ለተራበው ሕዝብ ሰጡ። አንድ ቁርስ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው ከራሱ አፍ ቀንሶ ለወንድሙ የሰጠ ሰው፤ የአገልግሎትን መሠረት አግኝቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ተለወጠ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ከነርሱም መካከል እንደ እኛ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ፊደል አስተማሩ፤ ስለ ጤና አስተማሩ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ብዙዎቹ በሙሉ ልባቸው እንደ ሄዱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልና ሥራ ማግኘት እንደማይችል ተደንግጎ ስለ ነበር፤ ፈቃድና ትእዛዝ ተደባለቁ። ከዚህም በላይ የመንግሥቱ አሳብና የዘማቾቹ አሳብ እየተለያየ ሄደ፤ ከመሬት ባለቤቶችና ከአገሩ ሹማምንት ጋር ግጭት ተነሣ፤ የሞቱም አሉ። ብዙዎች ዘመቻው ሳያልቅ ጥለው ወጡ። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ፤ የማያውቀውን አገር የመቶ ዓመት ጠብ እንዲፈታ መላክ ከባድ ሸክም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ይህኛው ሥራ ከፊተኛው ይልቅ ጠባብና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ያልተማረውን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ነው። ትምህርቱም እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት ለኢትዮጵያ የተሰጠው ስለዚህ ነው። ብዙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን ለመጻፍ የበቁት በዚያ ዘመቻ ነው። ነገር ግን በኋላ ጦርነትና ረኃብ ሲበረታ፤ በገጠርም የሚነበብ መጽሐፍና ጋዜጣ ሲታጣ፤ ከተማሩት ብዙዎቹ መልሰው ረሱት። መዝራት ብቻውን አላዳነም፤ ማረምና መጠበቅም ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ተራራዎቻችን እንመለስ፤ የአርዲቦ ነገር የሚመለከተን በይበልጥ እዚህ ላይ ነውና። ከ1965ቱ ረኃብ በኋላ መንግሥትና የውጭ ረጂዎች በወሎና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር የተራቆተውን ተራራ በእርከን ለማሠራት ተነሡ። በተለይ ከ1972 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ፤ አንድ ሠራተኛ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰጠው ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በእኛው በደቡብ ወሎ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፤ ከማሳ ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ መለካት ተጀመረ። የተሠራው እርከን ርዝመቱ እጅግ ብዙ ነበር፤ የተተከለውም ዛፍ እንደዚሁ።

ነገር ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፤ የተከለለው መሬት ለከብት ተለቀቀ፤ እርከኑም ታረሰ። ገበሬው ይህን ያደረገው አፈሩን ስለሚጠላ አይደለም፤ ከእርሱ ይልቅ አፈሩን የሚወድ የለም። ነገር ግን እርከኑ የማን ነው ቢባል የመንግሥት ነው ይል ነበር። የት እንደሚሠራ ሲወሰን አልተጠየቀም፤ የግጦሽ መሬቱ ሲከለል ከብቱን ወዴት እንደሚወስድ ያሰበለት የለም፤ የሠራውም ለስንዴው ነበር። ስለዚህ ስንዴው ሲቀር ሥራው ቀረ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ገበሬው በበጋ ወራት ያለ ክፍያ ወጥቶ በየተፋሰሱ እርከን እንዲሠራ ተደርጓል። ብዙ ጉዳት የደረሰበት ተራራ በዚህ ሥራ ሣር እንዳበቀለ የታወቀ ነው። ሆኖም ያልወጣ ሰው የሚቀጣ ከሆነ፤ ይህ በጎ ፈቃድ ነው ወይስ ግብር? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለእኔ እንደሚመስለኝ መልሱ በቅሬው ውስጥ ይገኛል። በቅሬም የቀረ ይቀጣል፤ ማንም ግን ተበደልሁ አይልም፤ ምክንያቱም ቅጣቱን የቆረጠው እርሱ ራሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጦ ነው።

ችግኝንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገሪቱ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ገበሬው ግን “ተተከለ” እና “ጸደቀ” የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ ያውቃል። የተተከለው የሚቆጠረው በሐምሌ ነው፤ የጸደቀው የሚቆጠረው ግን በጥር ነው።

ሁሉም ታላቅ ሥራ በአዋጅና በብዙ ሺህ ሰው የተሠራ እንዳይመስለን፤ ከቅርባችን የተነሣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1980 እ.ኤ.አ. ወይዘሮ አበበች ጎበና በአምባሰል ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ለመሳለም መጥተው ሳለ፤ በወሎ ረኃብ የወደቀውን ሕዝብ አዩ። ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ስለዚህ ነገር ከቤታቸው እስከ መውጣት ቢደርሱም አልተዉአቸውም፤ ሠርተው እየሸጡ አሳደጓቸው። ያቋቋሙትም ድርጅት ለብዙ ሺህ ሕፃናትና እናቶች መጠጊያ ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። የጀመሩት በሁለት ልጆች ነው፤ ነገር ግን እነዚያን ሁለቱን በማግሥቱ አልጣሏቸውም።

በዚያው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ከሰሜን ወሎና ከሌላም ስፍራ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ አካባቢ ሲመጣ፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ነዋሪውም ከጓዳው እያወጣ አበላ፤ ዘመድ ያልሆነውንም በቤቱ አሳደረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጦርነቱ ወደ ደሴ ራሷ ደረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ መስጠትን ከማንም አልተማረም፤ ከደቦና ከቅሬ ያውቀው ነበርና።

እንግዲህ ከላይ የተጻፈው ታሪክ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራናል። የአገልግሎት ሥራ የሚጸናው የሚገለገለው ሕዝብ ከመጀመሪያው ምክር ጀምሮ ባለቤት ሲሆንና፤ አገልጋዩ ከሄደ በኋላ ሥራውን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ይህንንም ይዘን ወደ አርዲቦ ስንሄድ በሚከተለው ሥርዓት ብንሠራ ይሻላል እላለሁ።

መጀመሪያ ከመቆፈራችን በፊት እንጠይቅ። የመሬቱን ባለቤቶች፣ የቅሬውን ሽማግሌዎች፣ በአንከርካ ውሃ የሚያለሙትን ገበሬዎችና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አነጋግረን፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራቸው የትኛው ቦረቦር እንደ ሆነ እነርሱ ያሳዩን። ሴቶችም ይጠየቁ፤ ውሃ የሚቀዱትና እንጨት የሚለቅሙት በአብዛኛው እነርሱ ስለ ሆኑ የትኛው መንገድ እንደሚታጠብ ያውቃሉ።

ሁለተኛ፤ ተራራውን ሁሉ እናድናለን ሳንል አንድ ቦረቦር ብቻ እንምረጥ። የድንጋይ ክትርና እርከን የሚሠራው በጥርና በየካቲት ነው፤ ምድሩ ደረቅ፤ ገበሬውም ከአጨዳ ያረፈ ስለሚሆን። ችግኙ የሚተከለው ዝናቡ ከጠገበ በኋላ በሐምሌ ነው። ዶማና አካፋ ስንት እንደሚያስፈልግ፤ የውሃ ልኩን የሚይዝ ማን እንደ ሆነ፤ ስንቅ ከማን ቤት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይጻፍ። የገበሬውን ምሳ በልተን እንዳንመለስ፤ የመበለቲቱን ነገር እናስታውስ።

ሦስተኛ፤ የምንተክለው ዛፍ ከአገሬው ጋር ተመክሮበት ይሁን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ገንዘብም ያመጣል፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚወድ ከሐይቅ ዳርቻ ቢርቅ ይሻላል። ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ አፈሩን ግን ይይዛሉ። ስለ ከብትም ነገር ውል ያስፈልጋል። የተከለለው ስፍራ ላይ ከብት እንዳይገባ፤ ሣሩን ግን ባለቤቶቹ አጭደው እንዲወስዱ ሽማግሌዎቹ ቢያስማሙ፤ ችግኙን የሚጠብቀው ጥበቃ ሳይሆን የራሳቸው ጥቅም ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሐምሌ የምንተክለው ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ ሲያገኝ፤ እኛ በዚህ አንኖርም። ፈተናችንን ጨርሰን፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ ሌላው ወደ ሥራ ይበተናል። ስለዚህ ዕቅዱን ዛሬ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ሆነን እናውጣ። አንድ መዝገብ ተከፍቶ የተተከለው ቁጥር በአንድ ገጽ፤ በጥር የጸደቀው ቁጥር በሌላው ገጽ ይጻፍ፤ መዝገቡም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ብዙ ደርቆ ቢገኝ ቁጥሩ አይሸሸግ፤ ለምን እንደ ደረቀ ይጻፍና የሚቀጥለው ክፍል ይማርበት።

የተወደዳችሁ ወላጆችና የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤ እኛን ለማስተማር የከፈላችሁትን ድካም በአንድ ቀን ሥራ ልንመልሰው አንችልም። ጓደኞቼ ሆይ፤ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ሲባል ሰምተን አድገናል። ይህ ተረት እውነት የሚሆነው ግን ሃምሳውም ሰው ሎሚው ወዴት እንደሚሄድ ሲያውቅ ነው። በመጪው የምሥረታ በዓል ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያንን መዝገብ ገልጠው፤ በአርዲቦ ዳር አንድ የዳነ ቦረቦር ሄደው ቢያዩ፤ ከማናቸውም ሐውልት የሚበልጥ መታሰቢያ ትተንላቸዋል። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፤ ለአገራችንም ሰላምን እመኛለሁ።